ዲጂታሉን አትስደቡብን፤ ስፒከር ላኩልን

ወገኖቼ፣ ይህን ጽሑፍ ሦስት ቀን ይዤው ቆየሁ። በንዴት የተጻፈ ነገር ነገ ያሳፍራል ብዬ ነው። ንዴቱ ግን አልበረደልኝም፤ ስለዚህ ይኸው። ይረዝማል። ዳታ የሚያሳሳችሁ ዋይፋይ ያለበት ስትደርሱ አንብቡት።

ነገሩ ስለ ጊታር ነው። «ሰው ወረቀቱ አልታደሰለት፣ ራሽኑ አልደረሰው፣ አንተ ስለ ጊታር ትጽፋለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አዎ፣ እጽፋለሁ። ስለ ወረቀቱ ስጽፍ ከርሜአለሁ፤ ነገም እጽፋለሁ። ዛሬ ግን አምስት ልጆችን አንገት የሚያስደፋ ውሳኔ ሊወሰን ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። የሚወሰነውም እናንተ ባዋጣችሁት ገንዘብ ላይ ነው።

ላልሰማችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ከዚሁ ከሞያሌ፣ ከናይሮቢ ኢስሊና ከባሕር ማዶ ካሉ ዘመዶቻችን ለልጆቹ ባንድ ገንዘብ ተዋጣ። ሁለቱ ልጆች ቦረና ናቸው፣ አንዱ ቡርጂ፣ ሁለቱ ከመሀል አገር የመጡ። ለእንቁጣጣሽ በተከራየነው አዳራሽ ተጫወቱ። ጊታሪስቱ አምፕሊፋየር የለውም። ጊታሩን በትንሽ ማገናኛ ስልኩ ላይ ሰክቶ፣ የአምፕሊፋየር ድምፅ የሚያስመስል መተግበሪያ ከፍቶ፣ ከስልኩ ወደ አዳራሹ ሚክሰር አስገባ። ድምፁ አስቀያሚ ነበር። አልዋሽም፤ እኔ ራሴ ጆሮዬን ለመድፈን ዳድቶኝ ነበር።

ቪዲዮው በቤተሰብ ግሩፑ ላይ ወጣ። በማግስቱ ፍርዱ ወረደ። «በስልክ ጊታር አይመታም። ዲጂታል የውሸት ድምፅ ነው። ወይ እኔ እውነተኛ ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ከአሜሪካ ገዝቼ ልላክ፣ ወይ ኦርጋን ግዙና በፍላሽ አጫውቱ፤ ገንዘብ አታባክኑ» የሚል። ከሥሩ ሃያ ሰው አውራ ጣቱን አነሳ። የጻፉት ታላቃችን ናቸው፤ ስማቸውን አልጠራም። ለስንቶቻችን የትምህርት ቤት ክፍያ የላኩ ሰው ናቸው፤ እኔንም ጨምሮ። ስለዚህ በሙሉ አክብሮት ልናገር፦ ጋሼ፣ ተሳስተዋል። አውራ ጣታችሁን ያነሳችሁት ደግሞ ሳትጠይቁ ነው ያነሳችሁት።

በዚያ ምሽት ጥፋተኛው ዲጂታሉ አልነበረም። ጥፋተኛው ኬብል ነው። ኬብሉን የገዛሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

የስልክ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ሁለት ድምፅ ያወጣል፤ ግራና ቀኝ። የሚክሰሩ ባላንስድ መግቢያ ደግሞ የሚመጡለትን ሁለት ሽቦዎች አንዱን ከሌላው ቀንሶ ልዩነታቸውን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። የተሠራው ለማይክሮፎን ነው፤ በመንገድ የገባውን ጩኸት እንዲጥል። ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ድምፅ ከሆነ ግን ተቀናንሶ ዜሮ ይሆናል። እኔ የገዛሁት ቀጥታ ከስልክ ወደ ሚክሰር የሚገባ ባለ አንድ ጫፍ ስቴሪዮ ኬብል ነበር። ጊታሩ ጠፋ። የቀረው በግራና በቀኝ የሚለያየው የሪቨርቡ ጥላ ብቻ ነው። እናንተ ከጉድጓድ ውስጥ የሚጮህ ሰው የመሰላችሁ እሱ ነው። ሚክሰሩ ላይ የነበረው ልጅ ድምፅ ሲያጣ ጨመረ፣ ጨመረ፤ ሲጨምር ደግሞ እሽሽሽ የሚለው መጣ።

ጊታሪስቱ ደንግጦ መተግበሪያው ላይ ያገኘውን ሁሉ ማጥፋት ጀመረ። ካጠፋቸው አንዱ የስፒከር ሳጥን የሚያስመስለው ክፍል ነው፤ ካብ ይሉታል። ያኔ ንቡ መጣ። ቪዲዮው ላይ የሰማችሁት፣ «ይሄ ነው ዲጂታል!» ብላችሁ የሳቃችሁበት።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለብቻው ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ሙግቱ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነውና።

የጊታር አምፕሊፋየር አንድ ዕቃ አይደለም። ፊተኛው ክፍል የጊታሩን ደካማ ሲግናል ያሳድጋል፣ ጠባይም ይሰጠዋል። ቀጥሎ ያለው ጉልበት ይጨምርለታል። መጨረሻ ላይ ስፒከሩ አየሩን ይገፋል። ስፒከሩ ደግሞ ቤት ውስጥ ሙዚቃ የምንሰማበት ዓይነት አይደለም። ጎደሎ ስፒከር ነው። ብዙውን ጊዜ 12 ኢንች፣ ትዊተር የሌለው፣ ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ እያወረደ የሚጥል። የአዳራሽ ስፒከር ግን ትዊተር አለውና እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ድረስ ለማሰማት ይሞክራል። የጊታር ስፒከር ጉድለቱ ጸጋው ነው፤ የዲስቶርሽኑን ሹል ጫፍ እንደ ወንፊት ያስቀረዋል። ወንፊቱን አንስታችሁ ያንኑ ሲግናል በአዳራሽ ስፒከር ብትለቁት ንብ ነው የሚሆነው። በሺህ ዶላር የተገዛውን ባለ ቫልቭ ፊተኛ ክፍል ብትሰኩትም ንብ ነው። ዲጂታል መሆን አለመሆኑ ምንም አይለውጥም።

ተቃራኒውም ያው ነው። ካቡን ሳታጠፉ በእውነተኛ የጊታር ሳጥን ብትለቁት ድምፁ ሁለት ጊዜ ተነፋ ማለት ነው፤ ብርድ ልብስ እንደተከናነበ ሰው ይሆናል። እንዲህም አድርገናል፤ ከእንቁጣጣሽ በፊት ልምምድ ላይ፣ በተዋስነው ሳጥን። አንድ ሰዓት ሙሉ ሕብረ ድምፁን ስናስተካክል ቆይተን «ሳጥኑ ተበላሽቷል» ብለን መለስነው። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

እንግዲህ ልጆች ያዙት፦ ሳጥኑ የጊታር ከሆነ ካቡን አጥፉ። ስፒከሩ የአዳራሽ ከሆነ ካቡን አብሩ፣ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ለቤዙ ተዉለት፣ ከላይም ከ6 ወይም ከ7 ሺህ በኋላ ቁረጡት። ከስልክ ወደ ሚክሰር ስትገቡ ጫፉ ለሁለት የሚከፈል ኬብል ያዙና ግራና ቀኙን በሁለት ቻናል አስገቡ፤ ቻናል ካነሰ አንዱን እግር ብቻ። ብሉቱዝ በፍጹም! ጣታችሁ ከመታ በኋላ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ከበሮውም ጥሏችሁ ይሄዳል። ጊታሩንም ያለ ማገናኛ ቀጥታ ሚክሰር ላይ አትሰኩት፤ የጊታር ማግኔት እስከ 1 ሜጋ ኦም የሚደርስ መግቢያ ነው የሚፈልገው፤ ተራው የሚክሰር መግቢያ ይጫነውና ድምፁ ይደፈናል።

አሁን ወደ ጋሼ ልመለስ።

ጋሼ ሊልኩ ያሰቡት ፌንደር ትዊን ሪቨርብ ነው። ድንቅ ዕቃ ነው፤ ማን ይክዳል። ክብደቱ ግን 29 ኪሎ ገደማ ነው። ለአሜሪካ የተሠራው የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፤ እዚህ ኬንያ 240 ነው። ማውረጃ ትራንስፎርመር ሳይኖር አንድ ሰው ተሳስቶ ከሰካው በአንድ ሴኮንድ ያልፍለታል፤ ትራንስፎርመሩም ራሱ ሌላ ብዙ ኪሎ ነው። ከናይሮቢ እስከዚህ በኢሲዮሎና በማርሳቢት አድርጎ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ይመጣል። የመስታወት ቫልቮች ያሉት ዕቃ፣ በአውቶቡስ ሆድ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ሥር። አንዱ ቫልቭ ቢሞትስ ሞያሌ ውስጥ ከየት ይገዛል? መብራቱንም ታውቁታላችሁ። የኬንያዋ ሞያሌ ለዓመታት መብራት ያገኘችው ከኢትዮጵያ በኩል በሚመጣ መስመር ነው፤ ሲሄድ ሁለታችንም ጋ ይሄዳል። ድንበሩ የሚለየን በቀበሌ መታወቂያ እንጂ በጨለማ አይደለም።

ሌላም አለ፣ ይኼን የምትረዱት እንደኛ ስደተኛ የሆናችሁ ናችሁ። እኛ ነገ የት እንደምንሆን አናውቅም። ወደ ካኩማ ሂዱ ሊባል ይችላል። ለሦስተኛ አገር ጉዳዩ ያለቀለት ልጅ በድንገት ተጠርቶ አንድ ሻንጣ ይዞ ይሄዳል። ሙቭመንት ፓስ ለመጠየቅ ወረፋ የሚቆም ልጅ 29 ኪሎ ይዞ አይቆምም። ዕቃው ቦርሳ ውስጥ ካልገባ የኛ አይደለም፤ ለሚቀጥለው ተከራይ የምንተወው ቁም ሳጥን ነው።

«ቢሆንም ዲጂታል ውሸት ነው» ላላችሁኝ፦ የትዊኑ ባለቤት የሆነው ራሱ ፌንደር ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? በ2019 እ.ኤ.አ. ቶን ማስተር የተባለውን ትዊን አወጣ። ውስጡ ዲጂታል ነው፤ አንድም ቫልቭ የለውም። የትዊኑን ሰርኪዩት በኮምፒዩተር ያስመስላል፣ ከዚያም በሁለት እውነተኛ 12 ኢንች ስፒከሮች ያወጣዋል። ክብደቱ 15 ኪሎ ገደማ። የሥጋ ቤቱ ባለቤት ራሱ ምስር ከሸጠ እናንተ ስለ ምስሩ ምን አነቃነቃችሁ? ደግሞ ልብ በሉ፣ ፊቱን ዲጂታል አደረገ እንጂ እውነተኛ ስፒከር መጠቀሙን አልተወም። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የሚያስመስለው ይምሰል፤ አየሩን የሚገፋው እውነተኛ ይሁን።

ፌንደርም ብቻ አይደለም። ላይን 6 ባቄላ የመሰለችውን ፖድ ያወጣው በ1998 ነው። የጀርመኑ ኬምፐር በ2011 የአንድን አምፕሊፋየር ድምፅ አዳምጦ የሚቀዳ መሣሪያ ሸጠ። ዛሬ ላፕቶፕ ያለው ልጅ ኒውራል አምፕ ሞዴለር የተባለውን ፕሮግራም ምንም ሳይከፍል ጭኖ ሌላ ሰው የቀዳውን ትዊን መጫወት ይችላል። እኛ ጋ ሲደርስ ብቻ ነው «የውሸት» የሚባለው። ድሀ ሲጠቀምበት የውሸት፣ ሀብታም ሲጠቀምበት ቴክኖሎጂ።

ዋልያስ ባንድን የምትወዱ ሁሉ ኃይሉ መርጊያን ታውቃላችሁ። በ1981 እ.ኤ.አ. ባንዱ ለሥራ አሜሪካ ሄደ፤ እሱና ሌሎች እዚያው ቀሩ። በ1985 ባንድ ሳይኖረው፣ ብቻውን፣ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሮኒክ ኪቦርዶችና ከከበሮ ማሽን ጋር አድርጎ ካሴት አወጣ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ዋሽንግተን ዳለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። በባትሪ። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም ሰማው። ያኔ አንድ የቤተሰብ ግሩፕ «ማሽን ሙዚቃ አይደለም፣ ገንዘብ አታባክን» ብሎት ቢሆን ኖሮስ? ቲናሪዌንን ያቋቋመው የቱዋሬጉ ስደተኛ ኢብራሂም አግ አልሃቢብ የመጀመሪያ ጊታሩን የሠራው ከቆርቆሮና ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነው። ስደተኛ ባለው ነው የሚጫወተው። ባለው መጫወቱ ግን በደንብ ከመጫወት አያግደውም፤ እኔ እዚህ የምከራከረው ለሁለተኛው ነው። «ስደተኞች ናቸው፣ ይበቃቸዋል» ከሚለው ወገንም አይደለሁም። እንቁጣጣሽ ላይ የወጣው ድምፅ አይበቃም ነበር።

ስለ ኦርጋንና ፍላሽ ብዙ አልልም። አምስት ልጆች ወደ አንድ ቁልፍ ተጫኝ ይለወጣሉ፤ አራቱ ወደ ጫት ቤቱ በረንዳ ይመለሳሉ። ደግሞ የቦረና ሠርግ ላይ ዘፋኙ ሲሞቀው መንገዱን ይቀይራል፤ ባንድ ይከተለዋል፣ ፍላሽ አይከተለውም። ይኸው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከበዓሉ በኋላ ያደረግነውን ልንገራችሁ። ያንን ተበላሽቷል ብለን የመለስነውን ሳጥን ይቅርታ ጠይቀን እንደገና ተዋስነው። አንድ የባጃጅ ሙዚቃ የሚገጥም ወንድማችን አሮጌ የመኪና አምፕሊፋየር ሰጠን፤ በ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ይሠራል። ከስልኩ ወደ መኪና አምፕሊፋየሩ፣ ከሱ ወደ ጊታር ሳጥኑ። ካቡን አጠፋን። መብራት አልነበረም፣ አያስፈልገንምም ነበር። ልጁ መጀመሪያ አንድ ክር መታ፤ ከበሮ የሚመታው ልጅ እጁን አቆመና ዞሮ አየው።

ጉልበቱ 20 ዋት ቢሆን ነው። እንዴት በቃ? የጊታር ስፒከር በአንድ ዋት በአንድ ሜትር ርቀት ከ97 እስከ 100 ዴሲቤል ያወጣል፤ የቤት ሙዚቃ ስፒከር 87 ወይም 88 ነው። የ10 ዴሲቤል ልዩነት ማለት አሥር እጥፍ ዋት ነው። በጊታር ስፒከር 20 ዋት የሚሰጣችሁን በቤት ስፒከር ለማግኘት 200 ዋት ትፈልጋላችሁ። ሱቅ ላይ 1000 ዋት የሚል ተለጣፊ ያለበትን ሳጥን ሊያስገዙን የሚሮጡ አሉና ይህን ያዙልኝ፤ ተለጣፊ አይጮህም።

ከዚያ ወዲህ የቀረው የልጁ ጆሮ ነው። መተግበሪያው ውስጥ ተዘጋጅተው የሚመጡት ድምፆች ባብዛኛው ለሮክና ለሜታል የተቀመሙ ናቸው። በሌላ ሰው በርበሬ የተሠራ ወጥ ነው። ለትዝታ የሚሆን የለም። በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ካሴቶች ላይ የሰላም ስዩምን ጊታር አስታውሱ፤ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ነው፣ እያንዳንዱ ጣት ይሰማል። አንቺሆዬን በከባድ ዲስቶርሽን ብትመቱት ልዩ የሚያደርጉት ጠባብ ድምፆች እርስ በርስ ይቧጨራሉ። ስለዚህ ጌይኑን ልጁ ዝቅ አደረገው፤ በርትቶ ሲመታ ብቻ ጫፉ እንዲሰነጠቅ፣ ሲያለዝብ እንዲጠራ። የስፕሪንግ ሪቨርብ ትንሽ። ኮምፕሬሰሩን አጠፋነው፤ ክራር የሚያስመስለውን የጣት ምት ይበላዋል። ኤሌክትሪክ ክራርም ቢሆን በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ሞክረነዋል።

አንድ ተጨማሪ ስህተት ነበረብን። ልጁ ድምፁን ሌሊት በጆሮ ማዳመጫ፣ ቀስ አድርጎ ነበር የሚያስተካክለው፤ ታናናሾቹ እንዳይነቁበት። ዝቅ ባለ ድምፅ ጆሯችን ቤዙንና ሹሉን አሳንሶ ይሰማል፤ ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በ1933 እ.ኤ.አ. ለክተው አሳይተዋል። ስለዚህ ሌሊት ሁለቱንም ይጨምራል፤ በቀን አዳራሽ ውስጥ ሲከፈት ቤዙ ይጎማል፣ ሹሉ ይወጋል። አሁን የሚያስተካክለው ቆሞ፣ ከሳጥኑ ራቅ ብሎ፣ ከከበሮው ጋር ነው። ሳጥኑንም ከመሬት አንስተን የሶዳ ሳጥን ላይ አስቀመጥነው፤ ጉምጉምታው ቀነሰ።

ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር የሚሻልበት ነገር የለም አልልም። ጣት ሥር ያለው ስሜት ይለያል። ስልኩም ትንሽ ይዘገያል። 10 ሚሊ ሴኮንድ ማለት ግን ከስፒከሩ 3 ሜትር ከግማሽ ገደማ ርቆ እንደ መቆም ነው፤ መድረክ ላይ ከዚያ የራቀ ስንት ሰው አለ። ሠርግ ላይ የሚጨፍር ሰው ደግሞ የሚሰማው ስፒከሩን ነው እንጂ ከስፒከሩ ጀርባ ያለውን አይደለም።

ጋሼ፣ እንግዲህ ልመናዬ ይኸው። ትዊኑን አይላኩ። ስፒከሩን ብቻ ይላኩልን። ባዶውን 12 ኢንች የጊታር ስፒከር፤ ያለ ሳጥን። ክብደቱ 4 ወይም 5 ኪሎ ነው፤ ኒዮዲሚየም ማግኔት ያለው ከሆነ ደግሞ ከዚያ በግማሽ ይቀላል። በሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ከልብስ ጋር ይገባል። ስፒከር 120 እና 240 አያውቅም። ቫልቭ የለውም። ሳጥኑን እዚህ አናጢ በ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይሠራልናል፤ ልኩን ወስደናል። ካኩማ ሂዱ ቢባል ሳጥኑን ትተን ስፒከሩን በአራት ብሎን ፈትተን እንወስደዋለን። ከተዋጣው ገንዘብ የሚተርፈው ጥሩ ማገናኛ፣ ሁለት ትክክለኛ ኬብልና አንድ ባትሪ ይገዛል። ሒሳቡን ግሩፑ ላይ ከደረሰኙ ጋር እለጥፋለሁ፤ የመጀመሪያውን የተሳሳተ ኬብል ከኪሴ ከፍያለሁ።

ቅዳሜ በ10 ሰዓት ልምምድ አለ። በቪዲዮ አይደውሉልን ጋሼ፤ የስልክ ማይክ ጮክ ያለ ድምፅ ሲገባው ሁሉንም ይጨፈልቀዋል፣ እንደገና ይስቁብናል። በሳጥኑ ፊት ማይክ አቁመን በደንብ ቀርጸን ፋይሉን እንልክልዎታለን፤ በጆሮ ማዳመጫ ይስሙት። ከዚያ ይፍረዱ። ሱቅ ሲገቡ ደግሞ 8 ኦም መሆኑን ሳይጠይቁ እንዳይገዙ፤ ከጀርባው ማግኔቱ ላይ ተጽፏል።